ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ውሃ

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ደመናው ገለጥ ሲል፣ ወረታ ከተማ ቀትር ላይ ወጥታችሁ ብትቆሙ ጥላችሁን ፈልጋችሁ አታገኙትም። እግራችሁ ሥር ገብቷል። ወረታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በሚያዝያ አጋማሽ፣ አንዴ በነሐሴ አጋማሽ፣ ልክ አናቷ ላይ ትቆማለች። የሚያዝያውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ምድሩ ይግላል፣ አቧራው ይነሣል፣ ሰው ሁሉ ጥላ ይፈልጋል። የነሐሴው ግን ልብ ሳይባል ያልፋል። ክረምት ነው፤ ሰማዩ ጨፍግጓል፤ በዙሪያዋ ያለው የፎገራ ሜዳ ገበሬም ከነቤተሰቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሩዝ ያርማል። ሰው ከደጅ የማይገባበት ወቅትና ፀሐይ አናት ላይ የምትወጣበት ወቅት እንዲህ አንድ ላይ ይገጥማሉ።

ስለ ቆዳ ጥበቃ ሲነሣ ብዙዎቻችን ወዲያው ወደ ቅባት እንሄዳለን። እኔ ሰዓትና ልብስ ከቅባት ይቀድማሉ ባይ ነኝ፤ ይህን ለማስረዳት ደግሞ ፎገራን የሚያህል ቦታ አላገኘሁም። ሜዳው ከጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ተነሥቶ የሚዘረጋ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ የሚያጥለቀልቁት ጥቁር ዋልካ ነው። ፀሐዩ፣ እርጥበቱና ጭሱ አንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ቀን ይገናኛሉ።

ከፀሐይ እንነሣ። ፀሐይ ስትመታን የሚሰማን ሙቀትና ቆዳችንን የሚጎዳው ጨረር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አልትራቫዮሌት የሚባለው ጎጂው ጨረር አይታይም፤ ሲያርፍብንም አይሰማንም። ስለዚህ የአየሩ ቅዝቃዜ ስለ እርሱ ምንም አይነግረንም። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩን የሚያጣራው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ሙቀቱ አስገድዶት ጥላ ሥር ይገባል፤ እኛን ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ፀሐይ ላይ ያቆየናል። የዓለም ጤና ድርጅት የጨረሩን ኃይል የሚለካበት መለኪያ አለ፤ 11 እና ከዚያ በላይ የሆነውን በመጨረሻው የአደጋ እርከን ያስቀምጠዋል። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ሰማዩ በጠራ ቀን ቀትር ላይ 11ን ማለፍ የተለመደ ነው። ደመናስ? ዝናብ ያዘለ ጥቁር ደመና ብዙውን ያግዳል፤ ስስ ደመና ግን ብርሃኑን ቀነስ አድርጎ፣ አብዛኛውን አልትራቫዮሌት እንዳለ ያሳልፈዋል።

እዚህ ላይ እኔን በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። ሩዝ ማሳ ውስጥ የዋለ ሰው ፊቱ ሲጠቁር ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ውሃው ነው፤ «አንጸባርቆብኝ ነው» ይባላል። ፀሐይ ከፍ ባለችበት ሰዓት ግን ውሃ እንደ ሣርና እንደ አፈር ከሚያርፍበት አልትራቫዮሌት ከ10 በመቶ በታች ነው የሚመልሰው። አዲስ የወረደ በረዶ እስከ 80 በመቶ ይመልሳል፤ ጣና ዳር ግን በረዶ የለም። ታዲያ ባርኔጣ ያደረገን ሰው ጨረሩ ከየት ያገኘዋል? ከሰማዩ። አልትራቫዮሌት በአየር ውስጥ ስለሚበተን ከሰማያዊው ሰማይ ሁሉ፣ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ጎንበስ ብሎ በሚያርም ሰው ላይ ደግሞ ፊቱ ወደ ምድር ስለዞረ ዋናውን የሚቀበሉት ማጅራቱ፣ ጆሮዎቹና የእጆቹ ጀርባ ናቸው። ከፊት ብቻ ጥላ ያለው ኮፍያ ለአራሚ ብዙ የማይረዳው ለዚህ ነው። ዙሪያውን ሰፊ ጥላ ያለው ባርኔጣ፣ ወይም ኮፍያው ሥር ተደርጎ ማጅራት ላይ የሚወርድ ነጠላ ይሻላል።

ሰዓቱን ለማወቅ ስልክ አያስፈልግም። አባቶቻችን የጾም ሰዓትን ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ያውቁ ነበር፤ የቆዳ ሐኪሞችም ዛሬ የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ጨረሩ ከባድ ነው፤ ከረዘመ ላልቷል። በቀን ውስጥ ከሚደርሰን አልትራቫዮሌት ከግማሽ የሚበልጠው የሚወርደው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ወረታ ላይ ደግሞ ፀሐይ ከሁሉም ከፍ የምትለው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ከወረታ በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ትዘገያለች። ደቦ የሚጠራ ሰው ሥራውን በማለዳ ጀምሮ ምሳውን በ5 ሰዓት ተኩል ቢያደርግ፣ ዕረፍቱንም እስከ 8 ሰዓት ቢያራዝመው፣ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ከማንኛውም ቅባት የበለጠ ጥበቃ ለሰው ሁሉ ሰጠ ማለት ነው።

«እኛ ጥቁሮች ነን፣ ፀሐይ ምን ያደርገናል?» የሚለውን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ሜላኒን እውነተኛ ጋሻ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአሜሪካ የተደረገ መለኪያ እንዳሳየው የጥቁር ሰው የላይኛው ቆዳ የሚሰጠው መከላከያ በፀሐይ መከላከያ ቅባቶች መለኪያ (ኤስፒኤፍ) 13 ያህል ሲሆን፣ የነጭ ሰው 3 ገደማ ነው። በፀሐይ ምክንያት የሚመጣ የቆዳ ካንሰር በእኛ ዘንድ ብርቅ የሆነው በዚህ ነው፤ ይህን ሳይናገሩ ሰውን ማስፈራራት አልወድም። ግን ጋሻው ራሱ ዋጋ ያስከፍላል። ሜላኒን የሚያመርቱት ሴሎች በተነካኩ ቁጥር ቀለም ያፈሳሉ፤ ብጉርም፣ ቁስልም፣ ፀሐይም ጥቁር ምልክት ትቶ የሚሄደው ለዚህ ነው። ማዲያት ዋናው ምሳሌ ነው። እርግዝናና አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያዎች ይቀሰቅሱታል፤ ፀሐይ ታደምቀዋለች። በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ማዲያትን የሚያባብሰው አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን በዓይን የምናየው ብርሃንም ነው። ስለዚህ ነጭ ወይም ቀለም አልባ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ብቻውን ማዲያትን ላያቆመው ይችላል፤ ብርሃኑን የሚያግደው የብረት ኦክሳይድ የተጨመረበት፣ የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ነው። ለማዲያት ሰንስክሪን የምትገዙ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ ይህን ፈልጉ።

ከንፈርም አትርሱ። ፀሐይ የዋለበት ሰው ከንፈሩ ላይ ውኃ ቋጥሮ ሲቆስል እናቶቻችን «ምች መታው» ብለው ዳማከሴ ያሹታል። ምች የሚለው ስም ብዙ ነገር ይጠቀልላል፤ ከንፈር ላይ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባለው ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ አልትራቫዮሌት ከንፈር ላይ ሲያርፍም ይነሣል፤ ይህ በሙከራ የተረጋገጠ ነው። ጥፋተኛዋ ፀሐይ ናት ያሉት እናቶቻችን ልክ ነበሩ።

ይህ የሜላኒን ጋሻ የሌላቸው ወገኖች አሉ፤ ለእነርሱ ነገሩ የመኖርና ያለመኖር ነው። አልቢኒዝም ያለበት ሰው ሜላኒኑ በጣም ጥቂት ነው ወይም የለም። በአፍሪካ ፀሐይ ሥር ጥበቃ ሳያገኙ ካደጉ በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር የሚያዙት ብዙ ናቸው። በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ፣ በኪሊማንጃሮ ሥር፣ ኪሊሰን የሚባል የፀሐይ መከላከያ በአገር ውስጥ ተመርቶ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች በነፃ ይታደላል። በእኛ ገጠር እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ ከብት ጥበቃውን ለሌላ ልጅ ይስጥ፤ ይህኛውን ባርኔጣና እጅጌ ረጅም ልብስ ለብሶ ትምህርት ቤት ይላከው፤ ልጁ ጥቁር ሰሌዳውን ማየት ስለሚቸግረው መምህሩ ከፊት ያስቀምጠው።

አሁን ወደ ልብስ። ነጠላ ሁለት እጥፍ ነው፤ ጋቢ አራት እጥፍ። ቆዳን በመጠበቅ ረገድ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ጨረሩ የሚያልፈው በክሮቹ መካከል ባለው ቀዳዳ ስለሆነ እጥፍ በጨመረ ቁጥር ቀዳዳው ይደፈናል። አንድ ስስ ነጭ የጥጥ ቲሸርት ደረቅ ሳለ ከአልትራቫዮሌቱ አንድ ሰባተኛውን ያህል ያሳልፋል፤ ሲረጥብ ግን እስከ አንድ ሦስተኛ ሊያሳልፍ ይችላል። በላብና በማሳ ውሃ የራሰ ሸሚዝ ለብሶ የሚውል ሰው ትከሻው ለምን እንደሚጠቁር አሁን ታውቃላችሁ። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ ጥቅጥቅ ያለ ሽመና፣ ጠቆር ያለ ቀለም፣ ከተቻለም ለቀትሩ የሚቀየር ደረቅ ሸሚዝ። ጃንጥላም ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። አሜሪካ አትላንታ ውስጥ ተመራማሪዎች ተራ የእጅ ጃንጥላዎችን ፀሐይ ላይ ዘርግተው ሲለኩ ሁሉም ቢያንስ 77 በመቶውን አገዱ፤ ጥቁሮቹ ከ90 በመቶ በላይ። ወረታ ገበያ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው የሚመጡ እናቶች ከማንም ቀድመው አውቀውታል።

ቅቤና ቫዝሊን? ለድርቀት እጅግ ጥሩ ናቸው። ከኅዳር በኋላ ዝናቡ ሄዶ አየሩ ሲደርቅ፣ ተረከዝ ሲሰነጣጠቅ፣ ገላ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ሳይደርቅ የሚቀባ ቫዝሊን ውድ ከሆኑት ቅባቶች አያንስም። ፀሐይን ግን አያግዱም።

ከታች ወዳለው ውሃ ስንሄድ ነገሩ ይከብዳል። ቆዳ በደረቅ ጊዜ ግድግዳ ነው። ለረጅም ሰዓት ውሃ ሲጠጣ የላይኛው ሽፋኑ ያብጣል፣ ይነጣል፣ ይላላል፤ ልብስ ስናጥብ ጣታችን ላይ የምናየው የዚህ መጀመሪያ ነው። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች በሜኮንግ ዴልታ ሩዝ ማሳዎች የዋሉ ያደሩ ወታደሮችን እግር አጥንተው ነበር። ሳይደርቅ ለሁለት ሦስት ቀን የቆየ እግር ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ለመርገጥ ያስቸግራል፤ ሌሊት በደንብ ደርቆ ያደረ እግር ግን ተመልሶ ይቋቋማል። ከዚህ የምናገኘው ምክር ቀላል ነው። ከማሳ ስትወጡ እግራችሁን በንጹሕ ውሃ ታጠቡ፤ ጣትና ጣት መካከል ጨርቅ አስገብታችሁ አድርቁ፤ ሌሊቱን በአየር ይደር። እርጥብ ጫማ አድርጎ ማምሸት ፈንገስን መጋበዝ ነው። ቦቲ ጫማ ውሃ ከገባበት ከባዶ እግር ይብሳል፤ ዋልካው ስለሚይዘውም አብዛኛው አራሚ አይፈልገውም፤ ያንንም እረዳለሁ። ወደ ማሳ ከመግባት በፊት በጣቶች መካከልና በተረከዝ ላይ ስስ ቫዝሊን መቀባት ውሃው ወደ ቆዳ የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል።

የሩዝ ቅጠል ደግሞ ሲሊካ ያዘለ ስለሆነ ጠርዙ ይሸረክታል። የራሰ ቆዳ ላይ የሚወጡት ቀጫጭን ጭረቶች ለጀርም በር ይከፍታሉ። ፀረ አረም የሚረጭም ሰው ይህን ይወቅ፦ የራሰና የሞቀ ቆዳ ኬሚካሉን ከደረቅ ቆዳ አብልጦ ይመጥጣል። ረጭቶ ሲያበቃ ወዲያው መታጠብና ልብሱን ለብቻ ማጠብ ያስፈልጋል።

ቢልሃርዚያንም ማንሣት ግድ ነው። በጣና ዙሪያ የአንጀት ቢልሃርዚያ አለ። ጥገኛው ትል ውሃ ውስጥ ባለች ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከእርሷ ሲወጣ በዓይን የማይታይ ሆኖ ይዋኛል፤ የሰው ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ከቀንድ አውጣዋ የሚወጣው መቼ መሰላችሁ? በብርሃን፣ ይበልጡንም በቀትር። ከላይ ያለው ጨረርና ከታች ያለው ትል አንድ ሰዓት ይጋራሉ! ቀትር ላይ ከማሳና ከወንዝ መውጣት ለሁለቱም መድኃኒት የሆነው በዚህ ነው። እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ሕዝቡ በዘመቻ ወጥቶ፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ በእጁ ሲነቅል ኖሯል፤ እምቦጩ ሥር ቀንድ አውጣዎች ስለሚጠለሉ ዘማቾች የቢልሃርዚያ ምርመራ ሊያደርጉ ይገባል። ሕክምናው ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ነው። ለመታጠቢያ የሚቀዳ ውሃ ደግሞ ቀንድ አውጣ በሌለበት ዕቃ ሁለት ቀን ከተቀመጠ ትሉ ይሞታል።

ስለ ቀንድ አውጣ ተነሥቶ አክሊሉ ለማን ማለፍ አልችልም። በ1964 እ.ኤ.አ. ወጣቱ ተመራማሪ አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን በብዛት አየ። ነጠላውን የሚያነጣው እንዶድ ቢልሃርዚያ ተሸካሚዋን ይገድላል ማለት ነው። ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት አጠኑት፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ተቀበሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ የምርምር ኢንስቲትዩት ዛሬ በአክሊሉ ስም ይጠራል።

ስለ ጭስና አቧራ አጠር አድርጌ ልናገር። ወረታ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች የሚገናኙባት፣ ደረቅ ወደብ ያላት ከተማ ናት፤ የከባድ መኪና ጭስ አይጠፋባትም። ሜዳው ላይ ደግሞ ዛፍ ስለሚያንስ ኩበት ይነዳል። ጥቀርሻ ላይ የሚጣበቁ ኬሚካሎች ቆዳ ውስጥ ገብተው ቀለም አምራች ሴሎችን ይቀሰቅሳሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. በጀርመን 400 በሚሆኑ አረጋውያን ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት ጥቀርሻና የትራፊክ ብናኝ በበዛበት የኖሩት ግንባራቸውና ጉንጫቸው ላይ 20 በመቶ ያህል የበለጠ ጥቁር ነጠብጣብ እንዳለባቸው አሳይቷል። እነዚያ ሴቶች እንጀራ የሚጋግሩት በኩበት ጭስ ውስጥ አልነበረም። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ከሳንባ አልፎ ለፊትም ይጠቅማል። ማታ ፊትን ለስለስ ባለ ሳሙና አንድ ጊዜ መታጠብ ይበቃል፤ ደጋግሞ መፈተግ ቆዳን ያቆስላል።

ቅባቱን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። አቅሙ ያለው ሰው ኤስፒኤፍ 30 ይግዛ፤ 97 በመቶውን ያግዳል፤ 50ው 98 ነው፤ ለዚህች ልዩነት ብዙ ገንዘብ አትክፈሉ። ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ ያስፈልጋል፤ ካነሰ የተጻፈውን ቁጥር አይሰጥም። በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል።

ከሰንስክሪኑ ጎን ተደርድሮ የሚሸጠውን የማንጫ ክሬም ግን፣ እባካችሁ፣ አትንኩ። ክሎቤታሶልና ሌሎች ኃይለኛ ስቴሮይዶች ለጥቂት ሳምንት ፊትን ያጠራሉ፤ ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ሲተዉት ይነድዳል። ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ለዓመታት ከተቀቡት ማጥራቱ ቀርቶ የማይለቅ ሰማያዊ ጥቁረት ያመጣል፤ ይህ ጉዳት በ1975 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከተመዘገበ በኋላ አገሪቱ በ1990 እ.ኤ.አ. ማንጫዎችን አገደች። ሜርኩሪ ያለበት ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። ሚናማታ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረበትን መዋቢያ ይከለክላል። ደግሞም ማንጫ የተፈጥሮ ጋሻችሁን አንሥቶ ለፀሐይ ያጋልጣችኋል። ሕፃናትን ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ግን እንዳለ ይቀጥል፤ ለአጥንታቸው ያስፈልጋቸዋል።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ቦብ ማርሊን በ1981 እ.ኤ.አ. በ36 ዓመቱ የገደለው ካንሰር የጀመረው ከእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ነበር። ይህ ዓይነቱ ሜላኖማ ከፀሐይ ጋር አይገናኝም፤ በጥቁር ሰው ላይ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ማታ እግራችሁን ስትታጠቡ ውስጥ እግራችሁን ገልብጣችሁ እዩ፤ ማየት የማይችሉ አባትና እናት ካሉም እናንተ እዩላቸው። እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ምልክት፣ የማይድን ቁስል፣ ወይም ሲነኩት የማይሰማ ነጣ ያለ ጠባሳ መሳይ ነገር ካገኛችሁ ቋቁቻ ወይም ጭርት ነው ብላችሁ አትቆዩ። ስሜት የሌለው ምልክት የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ በጊዜ ከተያዘ በመድኃኒት ይድናል። ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ከዚያም ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ ወሎ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ወይም አዲስ አበባ ወዳለው አለርት እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ።